ባቴን የሸፈንኩበት ዘመን

ወጣት ሳለሁ ሀፍረት ከጠጉር ጋር አብሮ የሚሸብት ይመስለኝ ነበር። አሮጊት ምን ያሳፍራታል? የፈለገችውን ትናገራለች፣ ከፈለገችበት ትቀመጣለች እል ነበር። ከተቀመጡበት መነሳት እንደሚያሳፍር ያወቅኩት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ልደርስ አውቶፓርኮ ሰፈር ሄጄ ነበር። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠናል። ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። እጄን መሬት ላይ አስደግፌ ሞከርኩ፤ ተመልሼ ዘፍ አልኩ። ደግሜ ሞከርኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘች፤ እሷም ከኔ አትሻልም ነበርና ሁለታችንም ልንወድቅ ሆነ። በመጨረሻ አንዷ ወደ ድንኳኑ ጮኻ ሦስት ወንዶች ገቡ። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በወገቤ፣ አንዱ ከኋላዬ ይዘው እንደ ጤፍ ጆንያ አነሱኝ። ነጠላዬ ወደቀ፣ ቀሚሴ ተሰበሰበ፣ ሐዘንተኛዋ እንኳ ልቅሶዋን ትታ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር አልኩ።

ነጠላዬን ከመሬት አንስታ ትከሻዬ ላይ ያደረገችልኝ አንዲት ቀጭን፣ ጠይም፣ ጠጉሯ ፍጹም የነጣ ሴት ነበረች። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። እኔ ፊቷን ለማየት እንኳ አልደፈርኩም። ከግቢው ወጥተን መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆም አለችና በቀስታ «ሽውታ» ብላ ጠራችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ስም ሳያውቀው ሞተ። ቀና ብዬ አየኋት። ጥሩወርቅ ነበረች።

ጥሩወርቅና እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ የተማርን ነን። ያን ጊዜ የፒያሳ አስፋልት እንደ አሁኑ በባጃጅ አልተሞላም። መኪና ሲያልፍ ማን እንደሚነዳው በስም እናውቅ ነበር። ከሲኒማ ቤቱ በላይ ካለው ሙዚቃ ቤት በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ልጃገረዶች በዚያ ስናልፍ እርምጃችን ሳናውቀው ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ቤልቦተማቸውን ለብሰው ጥጉ ላይ ይደረደራሉ። ሱሪያቸው ከመስፋቱ የተነሣ አስፋልቱን ይጠርግልናል ብለን እንስቅባቸው ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ የያዘች ልጅ ጓደኛዋን ሻይ ጋብዛ ትመለሳለች። ከጃንተከል ዋርካ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ማን የማን ልጅ እንደሆነች ስለሚያውቁ በዚያ ስናልፍ ብቻ አንገታችንን እንደፋለን። እነሱን እንዳለፍን እኔ እሮጣለሁ። ዝም ብዬ ነበር የምሮጠው፤ ለመድረስ ሳይሆን እግሬ ስለሚለኝ። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ አራዳ ገበያ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቀሃ ወንዝ።

የስፖርት አስተማሪያችን ከወደ ሸዋ የመጣ ረጅም ሰው ነበር፤ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ፊሽካ ያንጠለጥላል። አንድ ቀን ደወል ሳይደወል ሜዳውን ዞሬ ስመለስ አይቶኝ፣ «አንቺ፣ ሽው ብለሽ መጥተሽ ሽው ብለሽ ሄድሽ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሽውታ ሆንኩ። ልጆቹ ግጥም አበጁልኝ፤ «እሩጪ እሩጪ አንቺ ሽውታ፣ እግርሽን እንቅፋት ሳይመታ» እያሉ ያጨበጭባሉ። ጥሩወርቅ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበረች። ሁልጊዜ ሁለተኛ ስትወጣ አንድም ቀን ፊቷ ጠቁሮ አይቼ አላውቅም። ለሩጫው ብለን አራዳ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ጉልበቱ ላይ ላስቲክ ያለው ሰማያዊ ቁምጣ አሰፋን። ሸራ ጫማ ደግሞ ገዛን፤ ነጭ ነበር፤ ማታ ማታ በኖራ ጠመኔ እየቀባን እናነጣዋለን። ያ ጫማ አዲስ ሳለ የሚሸተው የላስቲክ ሽታ ዛሬም ጫማ ቤት በር ላይ ሳልፍ ይመጣብኛል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተደረገ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ ጨዋታ አለ ሲባል ሜዳውን ከቦታል። የእናቴ አጎት አያ ሞላም እህል ሸጠው አህያቸውን እየነዱ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩ። እኔ አላየኋቸውም። እኔ ያየሁት የተዘረጋውን ክር ብቻ ነው፤ እሱን በደረቴ በጥሼ ሳልፍ ሜዳው ሁሉ ተነሣ። ቤት ስገባ አያ ሞላ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀረበላቸው ጠላ እንደሞላ ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታለች። እሳቸው እኔን ሲያዩ ብትራቸውን አንስተው ወጡ። እናቴም አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ሁለተኛ ባትሽን ሰው እንዳያይብኝ። ሰው ምን ይላል?» ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ እሑድ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ትታ ሰው ወደማያውቃት ወደ ሩቅ ደብር እየሄደች ስታስቀድስ፣ በኔ ምክንያት እንደሆነ ገባኝ። አስተማሪው ቢለምነኝ፣ ልጆቹ ቢቆጡኝ እምቢ አልኩ። ጥሩወርቅ ቤታችን ድረስ መጥታ ምነው ስትለኝ እግሬን አመመኝ አልኳት። በሚቀጥለው ውድድር እሷ አንደኛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ በወንበር ላይ ያለፈ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፤ ጡረታ እስከምወጣ ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም። በኛ ዘመን ታይፒስት መሆን ክብር ነበረው። ጥፍር ቀለም ተቀብተሽ፣ ጉርድ በሸሚዝ ለብሰሽ፣ ቦርሳ አንጠልጥለሽ ስትገቢ ዘበኛው ይነሣልሻል፤ ወረቀቱን ተላላኪ ያመጣልሻል፣ ተላላኪ ይወስድልሻል፤ ሻይ እንኳ ጠረጴዛሽ ድረስ ይመጣል። ከተማው ውስጥ መኪና ሲበዛ ባለቤቴ አሮጌ ቮልስ ገዛ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ያደርሰኝ ነበር። በእግር መሄድ የሌለው ሰው ሥራ ሆነ። ወፍራም ሴት ሲያዩ «ተመቻት፣ ሸጋ ሆነች» በሚባልበት አገር እኔም ተመቸኝ። ደም ግፊት መጣ፣ ስኳር ተከተለ፤ ኪኒኑን በሰዓቱ እየዋጥኩ የሚጠበቅብኝን ያደረግሁ መሰለኝ። ባለቤቴ ሲሞት ከልጄ ከትዕግስት ጋር ቀረን። እሷ ጠዋት በሰርቪስ ወደ ቢሮዋ ትሄዳለች፤ እኔ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። ደረጃ የሚያስወጣ ግብዣ ሲኖር ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ከሶፋዬ ስነሣ እጀታውን ተደግፌ እንደሆነ ማንም ልብ አላለም። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ግን እጀታ የለውም።

ጥሩወርቅ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆማ ስለራሷ ነገረችኝ። ማክሰኝት አስተማሪ ሆና ኖራ እዚያው ጡረታ ወጥታለች። እሷም ከጡረታ በኋላ ተቀምጣ ከርማ፣ ግፊቷ ጨምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሦስቴ አራቴ የምታርፍ ሆና ነበር። ሐኪም ተንቀሳቀሺ ሲላት በየማለዳው በባሕር ዳር መንገድ ዳር ዳሩን መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን የአገሩ ልጅ ሁሉ እየሳቀ ይከተላት እንደነበር፣ አንዳንዱም አእምሮዋ ተነካ ብሎ ጠበል ውሰዷት ማለቱን እየሳቀች አወራችኝ። አሁን ፀዳ ከሚኖረው ልጇ ዘንድ ልትከርም መጥታለች። ነገ ቤትሽ እመጣለሁ አለችኝ። እንዳትመጪ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

መጣችም። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ጉልበቴን አየ፣ ግፊቴን ለካ፣ ከወንበር ያለ እጅ እንድነሣ ጠየቀኝ። አልቻልኩም። እርጅና ነዋ፣ ምን ይደረጋል አልኩት። እሱ ግን ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እግርዎ የደከመው ስላረጁ ብቻ አይደለም። ስላልሠራም ነው» አለኝ።

ኪኒኑን አንድም ቀን አላጓደልኩም አልኩት። ኪኒኑ የራሱ ሥራ አለው፣ እግርዎ ደግሞ የራሱ፤ አንዱ ለሌላው አይሠራም አለኝ። ሰውነት የማይጠቀሙበትን ጉልበት ቀስ በቀስ እንደሚለቅ፣ በዚህ ዕድሜም ቢሆን ግን ቢያሠሩት እንደሚመልስ፣ በየቀኑ ትንሽ የሚሄድ ሰው ልቡም፣ ስኳሩም፣ እንቅልፉም እንደሚሻለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደማይወድቅ በእርጋታ አስረዳኝ። ረጅም ዕድሜ ለማንም ቃል አልገባም አለ፤ «ግን የሚኖሩትን ያህል ራስዎ ተነሥተው፣ ራስዎ ታጥበው፣ ራስዎ ሄደው ቢኖሩ አይሻልም?» እኔ ያሰብኩት ያነሱኝን ሦስት ወንዶች ነበር። በትንሹ እንድጀምር ነገረኝ፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ የበር መቃን ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ከዚያ የግቢውን ዙሪያ መሄድ።

ልምምዱን የጀመርኩት በር ቆልፌ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም ሳያየኝ። አንድ ቀን ትዕግስት ሳትሄድ ቆይታ ኖሮ የወንበሩን ሲጥ ሲጥ ሰምታ ምን እየሠራሽ ነው ብትለኝ፣ የጆሮ ጉትቻዬ ወድቆ እየፈለግኩ ነው አልኳት። አብራኝ ልትፈልግ ገባች። ሁለታችን ተንበርክከን ያልጠፋ ጉትቻ ስንፈልግ ቆየን።

ጥቂት ሰንብቶ ጥሩወርቅ ወደ መንገድ ታወጣኝ ጀመር። ማለዳ ጎንደር ሸጋ ናት። ከግንቡ በላይ ሰማዩ ሲቀላ፣ ከየደብሩ የቅዳሴው ድምፅ ሲሰማ፣ ዳቦ ቤቶቹ ሲከፍቱ፣ አየሩ ገና የባጃጅ ጭስ ሳይነካው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያየሁት ቆይቼ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሰዎች ሲያዩኝ ብቻ ነበር። ረጅም ቀሚሴ እየጠለፈኝ አላስኬድ ሲለኝ ጥሩወርቅ ቱታ ሱሪ አመጣችልኝ፤ ከቀሚሴ ሥር ለበስኩት፤ ቀሚሱንም ወደ ላይ ሰብስባ በነጠላ አሰረችልኝ። ባቴ እንደገና መንገድ ላይ ወጣ ማለት ነው፤ ያውም በቱታ ተሸፍኖ። የባጃጅ ልጆች «ማዘር በርቺ» እያሉኝ ሲያልፉ ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ። የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ ስፈጥን አይተው፣ «ምነው ወይዘሮ ዘውዴ፣ በሰላም ነው? ማን ታመመ?» አሉኝ። ስፖርት እየሠራሁ ነው ማለት አቅቶኝ ዘመድ ታሞብኝ ነው አልኩ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጎረቤቱ ሁሉ የታመመውን ዘመዴን እግዜር ይማርልሽ ይለኝ ነበር። አንዷማ ልጠይቀው ብላ ቤቱን ጠየቀችኝ። ይሻለዋል አልኳት።

ጉልበቴ ግን በእውነት ይሻለው ነበር። መጀመሪያ ያወቅኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከስግደት ስነሣ ማንንም አልያዝኩም። ተነሥቼ ሳበቃ ነው ልብ ያልኩት። ሌሊት መገላበጡ ቀረልኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ መዳፌን ግድግዳ ለግድግዳ ማስኬድ ተውኩ።

ይሁንና አንድ ማታ ትዕግስት እራት ላይ ፊቷን አዙራ፣ የቢሮ ሰዎች በሰርቪስ ሲያልፉ እንዳዩኝ ነገረችኝ። ማን መሆኔን አላወቁም። አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ታጥቃ እጇን እያወናጨፈች አዩ፤ ሳቁ። አብራቸው የተቀመጠችው እሷ ወደ ስልኳ አቀረቀረች።

«እማዬ፣ እባክሽ ቤት ውስጥ ሥሪ። ሰው ምን ይላል?»

እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ትዕግስት በደንብ አታውቃትም እንኳ። ቃሉ ግን እንዳለ፣ ድምፁ ሳይቀር፣ ከአፏ ወጣ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ያው ልጅ ሆንኩ። ተነሥቼ ሳህን አነሣሁ፤ በማግስቱ አልወጣሁም፤ በሦስተኛውም ቀን አልወጣሁም። ጥሩወርቅ ደጋግማ ብትደውል አላነሣሁም። በመጨረሻ ከፀዳ ተነሥታ መጣች። በር ላይ ቆማ ምነው አለችኝ።

«እግሬን አመመኝ» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ፣ «ያን ጊዜም እግሬን አመመኝ ነው ያልሽኝ» አለች። «ያን ጊዜ አመንኩሽ። ከልቤ አዘንኩልሽ፤ እናቴ እግርሽን እንዲምርልሽ ስለት ተስላ ነበር። ስሮጥም ዞሬ ዞሬ እፈልግሽ ነበር፤ አንቺ ከፊቴ ሳትኖሪ አንደኛ መውጣት ደስ አይልም። አሁን ግን አላምንሽም፣ ዘውዴ።»

በሩን ይዤ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ ለመናገር ይከብዳል። እናቴን አልወቅስም፤ እሷም ሰው ፈርታ ነው። ልጄንም አልወቅስም። ግን በዚያች ሰዓት አንድ ሙሉ ዕድሜ ተቀምጬ ያሳለፍኩት እግሬ ስላመመኝ እንዳልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

ያን ማታ ለትዕግስት ሁሉንም አወራሁላት። ስለ ሰማያዊው ቁምጣ፣ ስለ ኖራው ጠመኔ፣ ስለ አያ ሞላ። ሽውታ እባል እንደነበር ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። እናቷ ሮጣ እንደምታውቅ አላወቀችም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም፤ ምክንያቱም ለኔ የማፍርበት ነገር እንጂ የምኮራበት አልነበረም።

«ለምን ተውሽው?» አለችኝ።

«እናቴ አፈረችብኝ።»

ትዕግስት ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ጨክኜባት ይሆን እያልኩ ሳልተኛ አደርኩ።

ጠዋት ከጥሩወርቅ ጋር በአዘዞ መንገድ ወጣን። እውነቱን ለመናገር ደፍሬ አልነበረም የወጣሁት፤ ጥሩወርቅን ለሦስተኛ ጊዜ መዋሸት ስላልቻልኩ ነው። የሰርቪሱ ሰዓት ሲደርስ ልጄን እንዳላሳፍር ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ነጠላዬን ተከናነብኩ። መኪናው አለፈን። ከዚያ ፍሬን ሲይዝ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፤ የሴት ጫማ ተረከዝ አስፋልቱን ሲመታ ሰማሁ። ዞር ስል ትዕግስት ናት፤ ከኋላዋ በየመስኮቱ ፊት ተደርድሯል። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ሀፍረቷን አውቀዋለሁ፣ የኔው ነው። መጥታ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገለጠችና ወደ መኪናው ዞረች።

«እናቴ ናት» አለቻቸው። «ሯጭ ነበረች።»

አላፈርኩም ብል ውሸት ነው። ላቤ በአንገቴ ይወርዳል፣ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ከመስኮቶቹ አንዱ ውስጥ ያለች ጎልማሳ ሴት አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችኝ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ትዕግስት ቢሮው ሩቅ አይደለም፣ ሂዱ አለቻቸው። ሰርቪሱ ሄደ።

ሦስታችን ዳር ዳሩን ይዘን ቀጠልን። እኔና ጥሩወርቅ አንድ እርምጃ ለምደናል፤ ሳናውቀው ፈጠንን። ትንሽ ሄደን ዞር ስል ልጄ በዚያ ረጅም ተረከዝ ጫማዋ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ ራቅ ብላ ቀርታለች። አርባ ዓመት ያልሞላት ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታለከልካለች።

«ምነው እማዬ» አለችኝ፣ «ቀስ በሉ እንጂ።»